በወረርሽኙ ጊዜ የእናቴና የልጄ ብቸኝነት ለየቅል ነበር

ይህን የምጽፈው ብቸኝነት የከበደው ሰው በአጠገቡ ላለ ሁሉ ነው። እናት ትሁን፣ ልጅ ትሁን፣ ለብቻው የሚኖር ወንድም ይሁን። በኮሮና ጊዜ ሦስቱንም በቤተሰቤ አይቻለሁ። ሦስቱም እጅ ላይ ስልክ ነበር። ሦስቱም ቀኑን ሙሉ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይውሉ ነበር። የጎደላቸው ነገር ግን አንድ አልነበረም፤ የረዳቸውም እንደዚያው ይለያያል።

«ማኅበራዊ ሚዲያ ብቸኛ ያደርጋል ወይስ ከብቸኝነት ያወጣል?» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች እስካሁን አሉ። እኔ በበኩሌ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ያለው አይመስለኝም። መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን ዕድሜ ላይ እንዳለና ምን እንደጎደለው መታወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩ ይርዳው ይጉዳው መናገር የሚቻለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቢሮ ተዘጋ፣ ሰው ሰውን ፈራ። እናቴ ከሰባ ዓመት በላይ ናት። አባታችን ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። በሽታው በዕድሜ በገፉት ላይ ይበረታል ስለተባለ ልጆቿ ሁላችን ከደጇ ቀረን።

መጀመሪያ ያደረግነው ስልኳን መቀየር ነበር። እህቴ ስማርት ስልክ ገዝታ ላከችላት። ቴሌግራም ተጫነላት። የቤተሰብ ግሩፕ ተከፈተ፤ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ ተጠፋፍተን የነበርነው ሁሉ ገባን። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል ያለበት «እንደምን አደራችሁ» ይላካል። ከሥሩ የተጣመሩ እጆች ይደረደራሉ። እናቴ ሁሉንም ታያለች፣ ለሁሉም ትመልሳለች። ከሩቅ ለሚያያት ሰው የበዛላት ትመስላለች።

አንድ ማታ ስደውልላት ግን ድምፅዋ ቅዝቅዝ ብሎብኛል። «ምነው እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«አላመመኝም። ስልኩ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ እኔን የሚያናግር ግን የለም» አለችኝ።

ይህን አባባሏን በደንብ የተረዳሁት በኋላ ስለ ብቸኝነት ማንበብ ስጀምር ነው። ሮበርት ዌይስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ብቸኝነትን ለሁለት ከፍሎ አስቀምጦታል። አንደኛው የቅርብ ሰው ማጣት ነው፤ የሆድ የሆድን የሚያጫውቱት አንድ ሰው ሲጠፋ የሚመጣ። ሁለተኛው የስብስብ ማጣት ነው፤ አብረው የሚውሉት ጓደኛ፣ ባልደረባ፣ «የኛ» የሚሉት ቡድን ሲጠፋ የሚመጣ። ዌይስ አጥብቆ የሚለው አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም ነው። መቶ ወዳጅ ያለው ሰው የልቡን የሚነግረው አንድ ሰው ካጣ ብቸኛ ነው። በትዳሩ ደስተኛ የሆነ ሰውም ጓደኞቹን ሁሉ ካጣ እንዲሁ።

እናቴ የጎደላት አንደኛው ነበር። ማታ ማታ የዋለችበትን የምታወራው ለአባቴ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ያንን ቦታ የሚሸፍኑት ጎራ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ወረርሽኙ እነሱንም ወሰደባት። የቤተሰብ ግሩፕ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚሞላው ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ስለዚህ ሰዓት ቆረጥን። ጠዋት እህቴ ትደውላለች፤ ማታ ከዜና በኋላ እኔ። ሰዓቱ ቋሚ መሆኑ ካሰብነው በላይ ዋጋ ነበረው። ሲመቸኝ እደውላለሁ የሚባለው ነገር ሰውን ዝም ብሎ ያስጠብቀዋል። የተቆረጠ ሰዓት ካለ ግን ሰው ይዘጋጃል። እናቴ ማታ የምትነግረኝን ከጠዋት ጀምራ ታጠራቅም ነበር። የተቃጠለ አምፖል፣ የጎረቤት ልጅ ከመስኮት የነገራት፣ በሬዲዮ የሰማችው። ትልቅ ነገር የለውም። ግን የሚሰማት ሰው እንዳለ አውቃ ነው ቀኑን የምትውለው።

ቪዲዮ ኮልም ሞክረናል። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፤ እኔ የማየው የጆሮ ጌጧን ነው። «እማዬ፣ ፊትሽን ልየው፣ ራቅ አድርጊው» ስላት ክንዷን ዘርግታ ትይዘዋለች። ግንባሯና ጣሪያው ይታየኛል። ትንሽ ቆይቶ ክንዷ ይዝላል፤ ስልኩ ተመልሶ ጆሮዋ ላይ። እሷም በወሬው መሀል «አሁንስ አየሽኝ?» እያለች ጨዋታው ይቆራረጣል። በኋላ ቪዲዮውን ተውነው። ድምፅ ብቻ ሲሆን ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ልቧ እስኪደርስ ታወራለች።

ይህን ለሌሎችም እመክራለሁ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ሰዎች መደወል ይከብዳል፣ መጻፍ ይቀላል ብለው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። በተግባር ሲሞክሩት ግን በድምፅ ያወሩት በጽሑፍ ካወሩት ይልቅ ተቀራረቡ፤ የፈሩት መጨናነቅም አልመጣም። መተያየት ደግሞ በድምፅ ላይ ያን ያህል የጨመረው ነገር አልነበረም። ዋናው የሚያቀራርበው የሰው ድምፅ ነው ማለት ነው። ኢንተርኔት የሌለው፣ ተራ ቁልፍ ስልክ የያዘ አዛውንት ዘመድ ካላችሁ ምንም አልጎደላችሁም።

ሌላ ልብ ያልኩት ነገር አለ። «እንዴት ነሽ? መድኃኒትሽን ወሰድሽ? በሩን ዘጋሽ?» ብቻ እየተባለች መጠየቅ እናቴን ያደክማት ነበር። በሽተኛ እንደሆነች ነው የሚሰማት። እሷ የምትሰጠው ነገር ሲኖር ግን ድምፅዋ ራሱ ይለወጣል። ትንሹ ልጄ ያኔ ማንበብ ገና መጀመሩ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ እኔ ከሥራዬ ጋር እየታገልኩ ጊዜ የለኝም። «እማዬ፣ እባክሽ አንቺ አስነብቢው» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ልጁ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ምንጣፍ ላይ ይተኛና ያነባል። እሷ ትሰማለች። «ቀስ በል፤ አራት ነጥቡ ላይ እረፍ። አሁን እንደገና» ስትለው ከወጥ ቤት እሰማታለሁ። በዚያ ሰዓት ሊደውልላት የሞከረ ሰው ካለ «በዚህ ሰዓት ተማሪ አለብኝ» ትላለች። ከተደወለላት ጥሪ ሁሉ እሷን ያቆማት ይህ ይመስለኛል።

የዚህ ዓይነት ነገር በጥናትም ተሞክሯል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በአሜሪካ ቴክሳስ 240 ሰዎች ተመረጡ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ምግብ እቤታቸው ድረስ የሚመጣላቸው ነበሩ። ከእነዚህ ለግማሾቹ ከ17 እስከ 23 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ለአራት ሳምንት እንዲደውሉላቸው ተደረገ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች አይደሉም። አጭር ሥልጠና ብቻ ነው የወሰዱት፤ ዋናው ነገር ጥሩ አድርጎ ማዳመጥ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ተደወለ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ስንቴ እንደሚደወልላቸው ተደዋዮቹ ራሳቸው መረጡ። በወሩ መጨረሻ የተደወለላቸው ሰዎች ብቸኝነትም፣ ድብርትም፣ ጭንቀትም ካልተደወለላቸው ቀንሶ ተገኘ። መተግበሪያ የለ፣ ስክሪን የለ፤ ስልክና የሚያዳምጥ ወጣት ብቻ።

ስለ አዛውንቶች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁላችንም የፈራነው ለእነሱ ነበር። ከበሽታው አንፃር ትክክል ነበርን። በስሜት በኩል ግን ብዙዎቹ ከጠበቅነው በላይ ጠንካራ ሆነው ተገኝተዋል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ላውራ ካርስተንሰን ለብዙ ዓመት ያጠናችው ይህንኑ ነው። ሰው የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲሰማው ጥቂት የሚወዳቸውን ይመርጣል፤ ሌላውን ይተወዋል። እሷና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ በተፋፋመበት ወቅት ሰዎችን ሲጠይቁ በዕድሜ የገፉት ከወጣቶቹ የተሻለ ስሜት ላይ ነበሩ። እናቴም በሆነ ባልሆነው ስንጨነቅ «ከዚህ የባሰም አይተናል» ትለን ነበር። ይህ ማለት ግን ሁሉም አዛውንት ደህና ነበሩ ማለት አይደለም። ጆሮው የሚደክም፣ የትዳር ጓደኛውን በቅርብ የቀበረ፣ በመጦሪያ ተቋም ውስጥ ጠያቂ የተከለከለ ሰው ሌላ ነው። እነዚህን በስልክ ብቻ መድረስ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ለእሷ ዕድሜ ቡድኑ ማለት ሁሉ ነገር ነው። ከማን ጋር እንደተቀመጠች፣ ማን እንደሳቀላት፣ ከክፍል ሲወጡ ማን እንደጠበቃት። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተቋረጠ። ቤት ውስጥ እናትና አባት አሏት፣ ወንድም አላት፣ የምትወደድ ልጅ ናት። የጎደላት የዌይስ ሁለተኛው ዓይነት ነው። እኔ ሃያ ጊዜ ብደውልላት ወይም ሃያ ጊዜ ባቅፋት የጓደኞቿን ቦታ አልሞላም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ገባሁ። ስልኳ የተቆለሉ መጻሕፍት ላይ ተደግፎ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ጓደኛዋ አለች፤ አቀርቅራ ትጽፋለች። የኔዋም አቀርቅራ ትጽፋለች። ማንም ምንም አይናገርም። ገጽ ሲገለጥ ይሰማል። አንዷ ትተነፍሳለች፣ ሌላዋ ቀና ብላ ታያትና ተመልሳ ታቀረቅራለች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እያጠናን።»

«ካላወራችሁ ለምን አትዘጉትም?»

«እማ፣ አብረን ነን እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አብረው ነበሩ። ብዙ ወላጅ «ልጄ ስልክ ላይ ስንት ሰዓት ቆየች» የሚለውን ይቆጥራል። ያ የጥናት ሰዓት ቢቆጠር ረጅም ነው። ግን ከዚያ ክፍል ስትወጣ ፊቷ ፈካ ብሎ፣ ለመጫወት ዝግጁ ሆና ነበር።

ሌላ ዓይነት ሰዓት ደግሞ አለ። ማታ አልጋ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጣት ብቻ ሲንቀሳቀስ። ማንንም አታናግርም። የሌሎችን ስቶሪ ታያለች። ገደቡ ትንሽ ላላ ሲል ከክፍሏ ልጆች ጥቂቶቹ ተገናኝተው ነበር። ለጤና ሲባል ቁጥራቸው ትንሽ ይሁን ተብሏል፤ ትንሽ ሲባል ደግሞ የሚቀር ሰው አለ። እሷ ቀረች። ድሮ ቢሆን ሳንጠራ የቀረንበትን ነገር ወይ ከሳምንት በኋላ እንሰማለን ወይ ጭራሽ አንሰማም። እሷ ግን እየሆነ እያለ በፎቶ እያየችው ነበር። በማግስቱ ዓይኗ አብጦ ተነሳች። ያንን ጠዋት አልረሳውም፤ ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም።

አንድ ስልክ፣ አንዲት ልጅ፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች። ፊሊፕ ቨርዱይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት የፌስቡክ ጥናት ይህንን ለይተውታል። ዝም ብሎ የሌላውን ገጽ ማየት ስሜትን ዝቅ ሲያደርግ፣ መጻጻፍና ከሰው ጋር መነጋገር ግን እንደዚያ አላደረገም። ዋናው ምክንያት ቅናት ሆኖ ተገኘ። ከወረርሽኙ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 143 ተማሪዎችን ይዘው የሞከሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ግማሾቹ ለሦስት ሳምንት ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ ተደረገ። ብቸኝነታቸውም ድብርታቸውም ቀነሰ። ማጥፋት አላስፈለጋቸውም፤ መቀነሱ በቃ።

በቤታችን ስልክ መንጠቅ የሚባል ነገር አላደረግንም። ያኔ ስልኳን መንጠቅ ጓደኞቿን መንጠቅ ነበር። ያደረግነው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ስንት ሰዓት ቆየሽ?» ቀርቶ «ዛሬ ከማን ጋር አወራሽ?» ሆነ። የሰው ስም ከጠራች ደህና ነው። «ከማንም፤ ዝም ብዬ ሳይ ነበር» ካለች አብሬያት ቁጭ እላለሁ። እሷ ራሷ ካየቻቸው በኋላ የሚከፋትን ገጾች መርጣ ሚውት አደረገቻቸው፤ እንዳይታዩዋት ማለት ነው። ጓደኝነቱን አላፈረሰችም፤ ማንም አላወቀም። ስልኮቻችን ሁሉ፣ የእኔም ጭምር፣ ማታ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ እንዲያድሩ ተስማማን። የወላጅ ስልክ መኝታ ቤት እያደረ የልጅ ስልክ ሳሎን ይደር ማለት አያስኬድም።

ከሁላችንም ክፉኛ የተጎዳው ግን ማንም ያላሰበው ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሜ። ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ብቻውን ይኖራል፣ ከቤት ይሠራል። በግሩፑ ላይ የሚያስቀን እሱ ነው። ሁሌም ኦንላይን ነው። ኦንላይን የሆነ ሰው ደህና ነው ብለን እናስባለን።

እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች ለብቸኝነት የተጋለጡትን ሲዘረዝሩ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች፣ ብቻቸውን የሚኖሩና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ከፊት ነበሩ። ዕድሜው ራሱ ምክንያት አለው። እናቴ ዘመዶቿንና ወዳጆቿን አንዴ አፍርታቸዋለች። ልጄ ቢያንስ የምትጣላውም የምትታረቀውም ሰው ቤት ውስጥ አላት። ወንድሜ ግን ገና ሕይወቱን እየገነባ ነው። ሥራው አዲስ፣ ከተማው አዲስ፣ ትዳር የለም። ወዳጅነት በሚመሠረትበት ዕድሜ ላይ ወዳጅ የሚገኝበት በር ሁሉ ተዘጋ።

ምልክቶቹን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ላይ ካያችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል። መጀመሪያ መልሱ የሚመጣበት ሰዓት ተቀየረ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የላከው ሜሴጅ ጠዋት ያገኘኛል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ እያጠረ ሄደ። ቮይስ ይልክ የነበረው ጽሑፍ ላይ ወረደ፤ ከጽሑፍ ወደ ስቲከር። ስንደውል አያነሳም፤ ከደቂቃ በኋላ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ምን ነበር?» ብሎ ይጽፋል። ግሩፕ ላይ ግን ቀልዱን ይለጥፋል። ለሁሉም የሚሆን ነገር ይልካል፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ነገር አይልክም። ይህችን ልዩነት ልብ በሏት።

በቪዲዮ ላግኘው ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ቀኑን ሙሉ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነው የሚውለው። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ድካም ከየት እንደሚመጣ ጽፏል። የሰው ፊት ከልክ በላይ ቀርቦ ያፈጥብናል፤ የራሳችንን ፊት ቀኑን ሙሉ እናያለን፤ ከቦታችን መነቃነቅ አንችልም። ለወንድሜ ማታ ላይ ሌላ ስክሪን ማቅረብ ዕረፍት አይሆነውም።

የሠራልን ነገር የእግር ጉዞ ነበር። እሱ በሚኖርበት እኔ በምኖርበት፣ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ሰክተን፣ በአንድ ሰዓት ወጥተን እየተራመድን እናወራለን። መጀመሪያ አካባቢ የሚያወራው ስለሚያየው ነገር ብቻ ነው። ውሻ፣ ዝናብ፣ የተዘጋ ሱቅ። እኔም አልገፋሁትም። መተያየት ስለሌለ ዝምታው አይከብድም፤ እርምጃው ይሰማል። ከጊዜ በኋላ አንድ ምሽት ራሱ «እኔ'ኮ አርብ ማታ ካወራሁ እስከ ሰኞ ድምፄን የምሰማበት የለኝም» አለኝ። ሆዴ ተላወሰ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ወይም እሁድ ሳንነጋገር አላለፈንም። ሐኪምም እንዲያይ ገፋፍቼው ሄደ፤ እንቅልፉ የተስተካከለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም። ቤቴ ሰው ሞልቷል። እኔን ያደከመኝ ዜናው ነው። ልጆች ሲተኙ የሞተውን ቁጥር፣ አዲሱን ወሬ፣ ግሩፕ ላይ የተለጠፈውን «መድኃኒት» ሁሉ እያነበብኩ እቆያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2020 ሙኒክ ላይ ሲናገሩ ትግሉ ከወረርሽኙ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሐሰተኛ መረጃው ጎርፍም ጋር መሆኑን ያነሱት በከንቱ አልነበረም። የምከታተለውን ወደ አንድ የታመነ ምንጭ፣ በቀን ወደ አንድ ጊዜ ሳወርደው ለሰው የሚሆን ጉልበት ተረፈኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሌሎችን የሚደውልላቸው እሱ ስለሆነ የእሱ ጉልበት ማለቁ ለብዙ ሰው ይተርፋል።

ዘመዳችሁ ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ «ብቸኝነት ይሰማሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ያፍራል፤ «ኧረ ደህና ነኝ» ይላችኋል። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸው ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከረጅሙ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መጠይቅ ተጨምቀው የወጡ ናቸው። አብሮህ የሚሆን ሰው እንደሌለ የሚሰማህ ምን ያህል ጊዜ ነው? ሰዎች እንደተዉህ የሚሰማህስ? ከሌሎች እንደተለየህ የሚሰማህስ? ለእያንዳንዱ መልሱ «እምብዛም» ከሆነ 1፣ «አንዳንዴ» ከሆነ 2፣ «ብዙ ጊዜ» ከሆነ 3 ነው። ተደምሮ ከ3 እስከ 9 ይሆናል፤ 6ና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ተመራማሪዎች እንደ ብቸኛ ሰው ይቆጥሩታል። እኔ ነጥቡን አልደምርም። በጨዋታ መሀል ጣል አደርጋቸዋለሁ። እናቴ የመጀመሪያው ላይ ቆም ትላለች፤ ልጄ ሁለተኛው ላይ። ወንድሜ ሦስቱም ላይ ዝም አለ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ያልጣመው፣ ወይም ስለ መሞት የሚያወራ ሰው ካለ ግን የእናንተ ስልክ ብቻውን አይበቃውም። የጤና ባለሙያ ዘንድ አብራችሁት ሂዱ። ስለ መሞት ካወራ ደግሞ ሁለት ሳምንት የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 አብቅቷል ብሎ አውጇል። ብቸኝነቱ ግን አብሮ አላበቃም። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገልጿል። በእኛ ቤት የማታው ጥሪ እስካሁን አለ። ልጁ ማንበቡን ከቻለ ቆይቷል፤ አሁን ለአያቱ ስለ ትምህርት ቤቱ ያወራላታል። የወንድሜም የእግር ጉዞ ቀጥሏል።

ይህን አንብባችሁ የምትደውሉለት ሰው ትዝ ካላችሁና ከተጠፋፋችሁ ዓመት ካለፈ፣ ምን ብዬ ልጀምር አትበሉ። «ምነው ጠፋህ» ወቀሳ ስለሚመስል እሱን ተዉት። አንድ የምታስታውሱትን ነገር አንስታችሁ ጀምሩ፤ አብራችሁ የሠራችሁትን፣ እሱ የነገራችሁን። የሚያውቀውን ነገር ጠይቁት፤ ምክር ብትጠይቁት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ካላነሳም ቅር አይበላችሁ፤ ቮይስ ተዉለትና በሌላ ቀን ሞክሩ። ካነሳ ደግሞ «እንደዋወል» ብላችሁ አትለያዩ። መቼ እንደምትደውሉ ቀኑንና ሰዓቱን ነግራችሁት ዝጉ።